ለአባቴ ጉልበት የሚሆን ባህር ፍለጋ

አባቴ ከደሴ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ፣ ከአሜሪካ ነገር ሁሉ የጠሉት ወንበር ነበር። ሰላሳ ዓመት የአሰብ መስመር ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጉልበታቸው አልቋል። በተለይ የግራው፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው፣ አንዴ ከታጠፈ መዘርጋት፣ አንዴ ከተዘረጋ መታጠፍ እምቢ ይላል። አትላንታ መስጊድ ስንወስዳቸው ከኋላ ከተደረደሩት ታጣፊ ወንበሮች አንዱ ላይ ይቀመጡና፣ ሰው ሁሉ ለሱጁድ ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሲወርድ እሳቸው አንገታቸውን ብቻ ደፋ ያደርጋሉ። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነው የሚወጡት።

«ሰላሳ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ እንጀራዬን በላሁ» ይሉኛል። «አሁን ደግሞ አላህ ፊት ወንበር ስቤ ልቀመጥ? ሹም ነኝ እንዴ?»

ሐኪሙ ኪኒን ሰጣቸው፤ ኪኒኑ ጉልበታቸውን ትቶ ጨጓራቸውን ያዘ። ሊመለሱ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው ቁርስ ላይ አወጁ፦ ግንባሬን አንድ ጊዜ መሬት ሳላስነካ አውሮፕላን አልሳፈርም! መድኃኒቱንም ያውቁታል። አሰብ ላይ ቁርጥማት ያለበት ሰው ባህር ዳር ትኩስ አሸዋ ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀብሮ ይውላል፤ ሲመሽ በእግሩ እየሮጠ ቤቱ ይገባል። እሳቸውስ ተቀብረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ጭነት ነበረኝ» አሉ።

እኔና ባለቤቴ ያኔ አትላንታ ዳር ኮሌጅ ፓርክ ነበር የምንኖረው። እሱ ከኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እኔ እዚያው አካባቢ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። ዲቪ ደርሶን ከመጣን አራት ዓመታችን ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ያየነው ትልቁ ውሃ የሆቴሉ መዋኛ ነበር። ባለቤቴ አንድ ተሳፋሪ ስለ ታይቢ ደሴት ባህር ነግሮት ነበርና፣ ላይብረሪ ሄዶ የመንገዱን ወረቀት ፕሪንት አድርጎ መጣ። እኔ አንድ ድስት መኮሮኒ ሠራሁ። ለአባቴ ታጣፊ ወንበር መኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ደብቄ ጫንኩ፤ ካዩት ጠብ ነው።

እስከ ባህሩ ከአራት ሰዓት በላይ ይነዳል። አባቴ ከፊት ተቀመጡ። ባለቤቴ መኪና በቀደመ ቁጥር ግራ እግራቸው ባዶውን ወለል ይረግጣል።

«ማርሽ ለውጥ!»

«አባባ፣ አውቶማቲክ ነው። ራሱ ቼንጅ ያደርጋል።»

«አንተ ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

ባለቤቴ ከዚያ እስከ ሳቫና ከተማ ድረስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነዳ።

ደሴቱ እንደገባን መጀመሪያ የሄድነው ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት፣ ረጅሙ የእንጨት ድልድይ ወደ ባህር ወደ ገባበት ዳርቻ ነው። ባለቤቴ ፓርክ አደረገ። አባቴ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወረዱ፤ አሸዋው ላይ የተዘረጋውን ሕዝብ አንዴ አዩና ዞረው ፊታቸውን ወደ መኪናው አደረጉ።

«የእነዚህን ሰዎች ልብስ ውሃ ወሰደባቸው እንዴ?»

ወደ መሐለኛው ዳርቻ ሄድን። እዚያ ከመንገዱ ወደ ባህሩ የሚያሻግር የሳንቃ መተላለፊያ አለ። አባቴ እጄን ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ እያቃሰቱ ተሻገሩ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ኳስ የሚጫወቱ ኮረዶች ገጠሙን። ያንን ሁሉ ሳንቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለሱ፤ የምመራቸው እኔ ነበርኩ። ሦስተኛው፣ በሰሜን በኩል የመርከብ መብራት ማማው አጠገብ ያለው፣ ሰው አልበዛበትም፤ ነገር ግን አሸዋው ስባሪ ዛጎል ነው፣ ማዕበሉም ይጮኻል። «ይኼ ባህር ግልፍተኛ ነው፤ አይሆነኝም» አሉ። እኔም ግልፍ ብሎኝ ነበር። ሦስት ባህር አሳይቻቸው እንደ ጫማ ገዢ ሁሉንም ይመልሳሉ!

አራተኛው ግን ከደሴቱ ጀርባ ነበር፣ ወንዙ ከባህሩ የሚገናኝበት። ውሃው ዝም ያለ፣ ማዶው የሚታይ፣ ልክ ደሴ አጠገብ ያለው የእኛ ሐይቅ። ሰዎቹም ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ላይ ሣሩ ጥግ በየጥላቸው ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከእነሱ በታች እስከ ውሃው ድረስ ሰፊ ለጥ ያለ አሸዋ ባዶውን ተኝቷል።

«ይኼን የመሰለ ሜዳ ትተው እዚያ ይተፋፈጋሉ» አለ ባለቤቴ። ሦስታችንም በአሜሪካኖች ሳቅን።

አባቴ ውሃው አጠገብ ቦታ መረጡ። አሸዋው እርጥብ ነው ብል፣ «ጨዉ ነው መድኃኒቱ» ብለው ዝም አሰኙኝ። ባህርን በተመለከተ ከመሐላችን አሰብን ያየ እሳቸው ብቻ ናቸው። አካፋ ስላልያዝን መኮሮኒውን ወደ ሰሐን ገለበጥኩና በድስቱ ቆፈርን። እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ እስከ ወገባቸው ቀብረን በእጃችን ጠቀጠቅነው። ከላይ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ትንሽ ራቅ ብሎ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበር። መቆፈር ከጀመርን ወዲህ ዓይኑን ከእኛ አልነቀለም። በመጨረሻ ወደ እኛ መጣና ለባለቤቴ ረጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረው።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ውሃው ይመጣል ነው የሚለው።»

«የት ሄዶ ነበር?»

ባለቤቴ አሰበበት። እኔም አሰብኩበት። ውሃው እፊታችን ነው፤ የትም አልሄደም። «ኖ ፕሮብሌም፣ ታንክ ዩ» አለው ባለቤቴ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ወደ ዓሣ ማጥመጃ መቃጥኑ ተመለሰ።

አባቴ ሊያሸልቡ ስለፈለጉ እኔና ባለቤቴ ወደ ላይ ወጥተን ጥላ ያዝንና መኮሮኒውን በላን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ በልቶ ሳይጨርስ አንቀላፋ። እኔም ጋደም ብዬ ከቆየሁ በኋላ የአባቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ ድምፃቸው የደስታ ነበር።

«ልጄ! እየሠራ ነው! ቁርጥማቱ እየወጣ ነው! እግሬን ቀዘቀዘኝ!»

ቀና አልኩ። ያ ሁሉ ሜዳ የለም፤ ለካ ባህር ሸሽቶ ይመለሳል። አባቴ ባህር ውስጥ ተቀምጠዋል። የጋቢያቸው ጫፍ በግራና በቀኝ ይንሳፈፋል።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ባለቤቴ ከኋላዬ ሹካውን እንደያዘ ይሮጣል። በእጃችን ብንዝቅ ውሃው መልሶ ይሞላዋል፤ እርጥቡ አሸዋ እንደ ሲሚንቶ ይዟቸዋል። ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። በገዛ እጄ ቀበርኳቸው፣ ደግሞም ጠቅጥቄ፣ ለእናቴ ምን እላታለሁ እያልኩ አለቅስና ባለቤቴን እሳደባለሁ። አዛውንቱ መቃጥኑን ወርውሮ መጣ፤ ከኋላ ብብታቸውን ያዘ። እኔና ባለቤቴ ከሥር እንዝቃለን፣ እሱ ይስባል። ቀኙ ወጣ። ግራው ቀረ።

«ፍሪሲዮኑ ያዘ!» ብለው ጮኹ አባቴ።

እንደ ካሮት ነው የተነቀሉት። አንድ ጫማቸውንና ድስቴን ባህር ወሰዳቸው። ሣሩ ጥግ ደረቁ አሸዋ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ይንቀጠቀጣሉ። በባለቤቴ ጃኬት ጠቀለልኳቸው። መንቀጥቀጡ ሲቆም ፀሐይዋን አዩና፣ «የአስር ሶላት ደርሷል» አሉ። ባለቤቴ ሮጦ የደበቅኩትን ወንበር ከመኪናው ይዞ መጣ። አባቴ ወንበሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ወንበሩን መልሰው። ያዙኝ።»

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳን ይብቃዎ!» አልኩ።

«መንገደኛ ነኝ፤ ሶላቱ ያጥርልኛል፣ ሁለት ረከዓ ብቻ ነው።»

ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ ዓሣ አጥማጁ በሌላ በኩል ቆሙ። ሱጁድ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ቀስ አድርገው አወረዷቸው። ጉልበታቸው ለስላሳው አሸዋ ውስጥ ገባ፤ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ወረዱ። ግንባራቸው መሬት ነካ። ሰውየው ምን እየተደረገ እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ ባርኔጣውን ግን አውልቆ ነበር። እኔ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ አሁን ስጽፈውም ያው ነኝ።

ወደ አትላንታ ስንመለስ ግንባራቸው ላይ የተጣበቀውን አሸዋ ልጠርግላቸው ብል እጄን መቱኝ።

ጉልበታቸው አልዳነም። በማግስቱ ንጋት ለሱብሒ ሶላት ሳሎን ምንጣፉ ላይ ሊወርዱ ሞክረው አቃታቸውና «ወንበሩን አምጪ» አሉኝ፤ አመጣሁ፤ ሳያጉረመርሙ ተቀመጡበት። ከቁርስ በኋላ የስልክ ካርድ ፍቀን ደሴ እናቴ ዘንድ ደወልንላቸው። ስለ ባህሩ ምንም እንዳይሏት ለምኛቸው ወጥ ቤት ገባሁ።

«ነካሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። «ግንባሬ መሬት ነካ።» እናቴ ከዚያ ማዶ እልል ስትል እቃ የማጥብበት ድረስ ይሰማል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«ማን አነሳኝ?» አሉ አባቴ። «የቀበሩኝ ልጆች ናቸዋ!»

እናቴ ወጥ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ስልኩን ለእሷ ይስጧት» አለች።