ከደጅ «እኛው» ያለው ድምፅ

ናንሳ ወንድሞቿን ኮለምንና ፌሂንን ባሕር ከወሰደባት ወዲህ፣ በምዕራብ አየርላንድ በኮነማራ ዳርቻ ባለችው ጎጆ ብቻዋን ትኖር ነበር። ታንኳቸው ተገልብጣ ተገኘች፤ ሬሳቸው ግን አልወጣም። በሕይወት ሳሉ ከዓሣ ማጥመድ ሲመለሱ በሩን ያንኳኳሉ፤ «ማነው?» ስትላቸው በአየርላንድኛ «ሺን ፌን» ይሏታል፤ እኛው ነን ማለታቸው ነው።

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ ሰሞን፣ ጭጋግ ባሕሩን በሸፈነበት አንድ አመሻሽ ድንች ስትልጥ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ሺን ፌን።»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። እንደምንም ተነሥታ ከፈተች። ማንም የለም። ደፉ ላይ ግን ውሃ ተኝቷል። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው፤ ጨው ጨው አላት።

ለማንም አልተናገረችም። ከቀናት በኋላ የመንደሩ ጀልባ ሠሪ ወንድም የሆነው ሮሪ በአህያ ጋሪው መጣ።

«እግዜር ቤቱን ይባርክ፣ እትዬ ናንሳ! በምርጫው ድምፅሽን ለሺን ፌን እንድትሰጪ ልለምንሽ ነው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ለማን አልክ?»

«ለፓርቲው ነዋ!»

«ያን ዕለት ያንኳኳኸው አንተ ነህ በለኛ! ሰውን እንዲህ ያስደነግጣሉ?»

«እኔ? መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ዛሬ ገና መከፈቱ ነው እኮ።»

ናንሳ ቁጭ አለች። «የኛን ቤት ቃል ማን ሰጣችሁ?»

ሮሪ ሳቀ። «የናንተ ብቻ መሰለሽ? ‹ሺን› እኛ፣ ‹ፌን› ራሳችን። ግስ እንኳ የለውም፤ መጣን አይል፣ ሄድን አይል። ጋዜጦቹ ‹እኛ ብቻ› እያሉ ይተረጉሙታል እንጂ ‹ብቻ› የሚል የለበትም።»

«እኛ ሲባል ታዲያ እነማን ናቸው?»

«ሁላችን! አንቺም አለሽበት!»

ሊያስደስታት ብሎ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ወደ ደፉ አዞረች። እነዚያ ያንኳኩትም «እኛው» ሲሉ እሷንም ቆጥረው ይሆን?

«ሮሪ፣ አልጋዬን ጫንልኝ። የአክስቴ ልጅ ጋ አድርሰኝ።»

«አሁን? ድምፅሽስ?»

«እሰጥሃለሁ። ሳይመሽ ብቻ አውጣኝ።»

በማግስቱ ሮሪ የቀሩትን ዶሮዎች ሊያመጣ ተመለሰ። ሰው የሌለበት የጎጆዋ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አላንኳኳም፤ ዶሮዎቹንም ትቶ ጋሪውን አዞረ። ይህን የተናገረው ናንሳ ከተቀበረች በኋላ ነው።

እሷ ቃሏን ጠብቃ መረጠች፤ የአክስቷ ልጅ ካለበት የኮረብታ መንደርም ወደ ባሕሩ ሳትወርድ አረጀች። በር ሲንኳኳ «ስምህን ጥራ!» ትላለች።

«እኔ ነኝ፣ ናንሳ!»

«እኔ የሚባል ስም የለም! ካልጠራህ እዚያው እደር!»

ጎረቤት ይስቃል። እሷ ግን ስም ሳትሰማ ከፍታ አታውቅም።