የኸ ቁልፍ

ትናንት የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሬ ላይ አቀርቅሮ ቆየና፣ "አክስቴ፣ ሁለት ቁልፍ ስትነኪ አንድ ቃል ሙሉውን እንዲወጣ ላድርግልሽ? ምን ቃል ይሁን?" አለኝ። መልስ ሳልሰጠው የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቤቴ ውስጥ ቤንዚን የለም። የሸተተኝ ያ ዘመን ነው።

ይኸውላችሁ፣ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ጠዋት ጠዋት የጣና ነጸብራቅ በመስኮት ገብቶ ወረቀቱ ላይ ስለሚያርፍ ዓይኔን አጥብቤ ነበር የምጽፈው። የሚጻፈው ደግሞ የሰው ስም ነው፤ የስብሰባ፣ የዘመቻ፣ የመዋጮ፣ በየስሙም ፊት "ጓድ"። በአማርኛው ታይፕ ጓን ለማውጣት መጀመሪያ ገን፣ ከዚያ ምልክቱን ለብቻው መምታት ነበረብኝ። አንድ ቀን "ጓድ ጓድ ስል ጣቴ ሊቆረጥ ነው!" ብዬ አማረርሁ።

የሰማኝ የመሥሪያ ቤቱ ታይፕ ጠጋኝ ነው። አባቱ ዘጌ ብራና ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱም የፊደል ነገር በእጁ ነበር። "አንድ ቁልፍ ስጪኝና ባንድ ምት ላውጣልሽ" አለኝ። ጰን ልንቀለው ቢል፣ "በስመ አብ! ኢትዮጵያን በምን ልጽፋት ነው?" አልሁት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በመጨረሻ በኸ ተስማማን። "ኸን አፋችን ይበቃዋል፤ ወረቀቱ ላይ በከ እንተካዋለን" አለ። ሳምንት ሙሉ በሞረድ ሲፍቅ ከርሞ ቃሉን ባንዲት ቅንጣት ብረት ላይ ገልብጦ ቀረጸው፤ በኸ ቦታ በየዳትና በቤንዚን ጠራርጎ "በይ ምቺ" አለኝ። መታሁ። ጓድ! ልክ ያባቱን የቁም ጽሕፈት መስሎ ወጣ። ወደድሁት፤ ቁልፉንም እሱንም። ለማንም አልተናገርሁም፣ ለራሱም ቢሆን።

ክረምት ላይ ወንድሙ ጫካ ገባ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ የሚባረሩ ሰዎች ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፤ አሥራ አንድ ሰው። ለተባረረ ሰው "ጓድ" አይጻፍም። አሥሩን ተጠንቅቄ ጻፍሁ። አሥራ አንደኛው እሱ ነበር። ዓይኔ በእንባ ጨለመ፤ ጣቴ ግን የለመደው ቁልፍ ላይ ዐረፈ። መለስ ብዬ ሳላየው ወረቀቱን አስረከብሁ።

ኃላፊው አስጠራኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ታይፕ ጠጋኙ መተላለፊያው ላይ በሁለት ታጣቂዎች መሐል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"ይኼ ሰው ላንቺ አሁንም ጓድ ነው?"

"የጣት ስሕተት ነው፣ ጓድ ኃላፊ።"

"ታውቂዋለሽ?"

"ታይፕ ሲጠግን አየዋለሁ እንጂ አላውቀውም" አልሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ምነው በተንቀጠቀጠ!

ኃላፊው ወደ በሩ ዞሮ "አንተስ?" አለው።

"እውነቷን ነው" አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። "እኔም አላውቃትም።"

እንዲህ ብሎ አተረፈኝ። እኔ ተመልሼ ገጹን እንደገና ጻፍሁት፣ ስሙን ባዶውን። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱንም በጭነት መኪና ወሰዷቸው፤ እሱም አልተመለሰም። አባቱ ከዘጌ በታንኳ እየመጡ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ጠየቁ። አንድ ቀን እኔም ክፍል ብቅ ብለው፣ "ልጄ፣ አንቺስ ታውቂው ነበር?" አሉኝ። "የለም አባቴ፣ አላውቀውም" አልኋቸው። "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ወጡ።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ያን ቁልፍ ስመታ ኖርሁ። ለሌባውም፣ ለአሳባቂውም፣ ለዚያው ለኃላፊውም ጓድ፣ ጓድ፣ ጓድ። ቁልፉን የሠራልኝን ሰው ግን ነፈግሁት። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

የእህቴ ልጅ አሁንም መልሴን ይጠብቅ ነበር። "እሺ አክስቴ፣ ምን ቃል ላስገባልሽ?"

"ተወው ልጄ" አልሁት። "እኔ አንድ ባንድ እጽፋለሁ።"