ከሙጃ በታች ያለው የውሃ ወፍጮ

ባለፈው ሳምንት ከላሊበላ ሙጃ ሄድሁ። የአያቴን የውሃ ወፍጮ በቅርስነት እናስጠግነው ያሉ ሽማግሌዎች ጠርተውኝ ነው። በሩን ስገፋው የእርጥብ ድንጋይና የከረመ ዱቄት ሽታ ተቀበለኝ፤ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር የመጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ ከተማው ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ ገብቶ፣ ወደ አያቴ እህል የሚያመጣ ጠፍቶ ነበር። እሳቸው ግን እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ክረምቱ ያመጣውን ደለል ከቦዩ ይዝቃሉ።

«አባባ፣ ይተዉት እንግዲህ» አለቻቸው እናቴ። «ማን ሊያስፈጭ ይመጣል ብለው ነው?»

አካፋውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ደክሞኛል፣ ልጄ። ግን ቦዩን አንድ ዓመት ዝም ካልሁት ውሃው ሌላ መንገድ ይለምዳል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል?»

ውሃውን ለቀቁት። ድንጋዩ እያጓራ ሲዞር ይዘነው የመጣነውን ገብስ ጨመሩበት፤ ትኩሱን ዱቄት መዳፌ ላይ አድርገው «ቅመሽ» አሉኝ።

አሁን የጣሪያው እኩሌታ ወድቋል፤ ቦዩ ላይ ባቄላ ተዘርቶበታል። ሽማግሌዎቹ ስለ ቆርቆሮና ስለ አጥር ሲነጋገሩ ቆዩና አንደኛው «ከተጠገነ በኋላስ ማን ይይዘዋል?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ የምውል፣ ወገቤን የሚያመኝ ሴት ነኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁና ውሃው አሁን በየት በኩል እንደሚወርድ በዓይኔ ፈለግሁ።