ከሹፌሩ አጠገብ

በዚህ ወር ያጣሁት ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ የትናንሽ አውሮፕላኖች መካኒክ ነበር። የአንዲቱ አውሮፕላን የቤንዚን ሞተር ወርዶ የናፍጣ እንዲገጠምላት ሲወሰን ባልደረቦቹ፣ «ናፍጣ ለአይሱዙ ነው፤ ሰማይ ላይ ጤፍ ልትጭን ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ገጥሞ ሲጨርስ ለመጀመሪያው በረራ ከአብራሪው ጎን ተቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሞተሩ ቢጠፋባችሁስ?» አልኩት።

«እታለም፣ የገጠመው ሰው መሬት ላይ ቆሞ ማየት የለበትም።»

ጡረታ ወጥቶ ቡታጅራ እኔ ዘንድ ሲኖርም ልማዱን አልተወም። የሚኒባስ ሞተር ከሠራ፣ ተሳፋሪ ሳይጫን በፊት ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ወልቂጤ ደርሶ ይመለስ ነበር።

በተቀበረ በሳምንቱ አንድ ሹፌር ደጃችን ላይ ክላክስ ነፋ። ሞተሯን ወንድሜ ሠርቶላት አንድ መለዋወጫ ዕቃ ስትጠብቅ የቆየች ሚኒባስ ይዟል። የፊቱን በር ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይውጡ እንጂ! ዕቃው መጣ፤ ደርሰን እንመለስ» አለ።

ማረፉን ነገርኩት።

«ታዲያ ከማን ጋር ልሂድ?» አለኝ።

በሩን በቀስታ ዘጋው። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች «ወልቂጤ ነህ?» እያሉ እጃቸውን ቢያነሡም፣ ማንንም ሳይጭን ብቻውን ሄደ።