ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ፋኖስ

ያን ቀን በራኩባው፣ በግቢያችን የሣር ዳስ ጥላ ሥር የነበርነው አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ በማግስቱ ወደ ገለጉ የምትሄደው ልጃችን፣ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በዚያው የቀረችው ጎረቤቴና ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ አንድ ጎልማሳ። ሰውየው የእኛን ማሳ አጭዶ ጨርሶ ወደ አብርሃ ጅራ የሚወስደውን መኪና ይጠብቅ ነበር።

ልጄ አስተማሪ ሆና የተመደበችው ከገለጉም አልፎ መብራት የሌለበት ቀበሌ ነው። እኔ እንቅልፌን ያጣሁት በጊንጥና በእባብ ሐሳብ ነው። «በእጅሽ ደህና መብራት ሳትይዢ ከዚህ ቤት አትወጪም» ብያታለሁ። በስልኳ ታብራ እንዳልል፣ ስልኩ ከዘጋ ድምጿን በምን እሰማለሁ?

ፋኖስማ ነበረኝ። በሱዳን በኩል የገባ ትልቅ የቻርጅ ፋኖስ፣ ለክፉ ቀን ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከቆለፍኩበት ሦስት ዓመት ሆኖታል። አቧራ እንኳ አልነካውም። አውጥቼ ሲሞላ አሳድሬ ብከፍተው ጭል አይልም። የልጄ ፊት ጠቆረ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በሆዴ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እስቲ ያምጡት» አለ ሰውየው። አገሩ ሬዲዮ ይጠግን እንደነበር የሰማነው ያኔ ነው። በቢላ ጫፍ ፈታታና ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ ይኼን ባትሪ ማን ገደለው?»

«ኧረ ማንም አልነካውም! ሦስት ዓመት ሙሉ ጠቅልዬ...»

«እሱ ነዋ የገደለው። ይኼ ዓይነቱ ሳይሞላና ሳይሠራ ከተቀመጠ ይሞታል።»

ባለቤቴ ሳቀ። «እኔን ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አለመክተቷ!»

ልጄ ከባጃጅ ላይ ጥላ ሽፋኑን የሰባበረችው ፓወር ባንክ ነበራት፤ ሰውየው ከፋኖሱ የሞተውን ባትሪ አውጥቶ የፓወር ባንኩን ሆድ ዕቃ አስገባበት። ጎረቤቴ ሮጣ የተሰበረ የእጅ ባትሪዋን አመጣች፤ ከእሱ ትንንሾቹን ነጭ አምፖሎች ነቅሎ ፋኖሱ ላይ ገጠመ። ምስማር ከሰል ላይ አግሎ ሽቦውን በየደ። እኔ እንዳይፈነዳ ፈርቼ ባልዲ ሙሉ ውኃ አጠገቡ አቆምኩ።

«አሰቡልኝ፣ ጠምቶኝ ነበር» ብሎ በጣሳ ቀድቶ ጠጣ።

አሁን ፋኖሱ በስልክ ቻርጀር ይሞላል፣ ልጄ ባላት ትንሽ ሶላርም ይሞላል። ግን በዚያ ፀሐይ መብራቱን ማን ይየው? ጎረቤቴ «ጋቢ!» አለች። በመተማ ሙቀት፣ በእኩለ ቀን፣ አራታችን ጋቢ ውስጥ ገባን። ሰውየው ከውጭ ሆኖ ፋኖሱን በጋቢው ሥር አስገብቶ አበራው። የልጄን ጥርስ አንድ በአንድ አየሁት፤ ላቧ እያንጠባጠበ ትስቃለች።

«ውጡ፣ ተቀቀልን!» አለ ባለቤቴ።

እኔ ግን እሷን የማስቀርበት ሌላ ሰበብ አልነበረኝም። «እንግዲህ ሂጂ» አልኳት፣ እዚያው ጋቢው ውስጥ።

መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ሰውየው ፌስታሉን አንስቶ ሮጠ። «ፋኖሱ ክረምቱን ከቻለ ወሬውን አሰሙኝ!» ብሎ ጮኸ። ስልክ እንደሌለው ትዝ ያለኝ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው።

ክረምቱን ችሏል። ልጄ ማታ ማታ ስትደውል ገና ሰላም ሳትለኝ «በርቷል እማዬ» ትላለች። ለሰውየው ግን የነገረው የለም። በአብርሃ ጅራም ሆነ በሸሕዲ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ በጋለ ምስማር የሚበይድ የጎጃም ሰው ያያችሁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኑንና የት እንዳለ እባካችሁ ንገሩኝ።