ሮብና ዓርብ ሳይነካ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ከጨንቻ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጉሙ ወፍሮ አውቶቡሱን ያገኘነው በድምፁ ነበር። እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮና አንድ ቅል ቅቤ አሸከመችኝ፤ "አዲስ አበባ ሰው ይርበዋል አሉ" አለች። ባሌ ቀድሞን አየር ጤና ጨርቅ መነገድ ጀምሮ ስለነበር፣ እኔና ልጄ አስቴር ተከተልነው። እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ ከተማው ሁሉ ያብረቀርቃል የሚላችሁን አትመኑ። ኮልፌም ይበርዳል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ አንድ እሳት ከበን ነው የሚበርደን፤ እዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ ለብቻው ይበርደዋል።

የተከራየነው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ገባ ብሎ ነው። አከራያችን እትዬ ዘነበች የጎጃም ሰው ናቸው፤ ደግ ናቸው፣ አፍንጫቸው ግን ከሳቸው ቀድሞ ነው የሚነቃው።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አሉኝ ገና በሳምንታችን።

"ቆጮ ነው፣ እትዬ።"

"ጎረቤት ምን ይለኛል?"

"ራበኝ ይላላ!" አልኳቸው። ሳቁ፤ መስኮታቸውን ግን ዘጉ።

ዋናው ጠብ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። አስቴር ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ጠዋት ቆጮ በጎመን፣ አንዳንዴም ቦሎቄ ወይ ስኳር ድንች ቀቅዬ፣ ቅቤ ለወስ አድርጌ፣ ብርቱካን ልጬ እቋጥርላታለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት አይደርቅም፣ አይፈስም፣ ሆድ ይይዛል። አንዳንድ ቀን ግን ምሳ ዕቃው ሳይነካ ይመለስ ጀመር። "ለምን አልበላሽም?" ስላት ጫማዋን ታያለች።

ምክትል ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ።

"ወይዘሮ፣ ምግብዎ ለከተማ ልጅ አይመችም። ፓስታ፣ ችፕስ፣ ጁስ ነገር ይቋጥሩላት፤ ከሌሎቹ ጋር ትመሳሰላለች።"

"ችፕስ ምሳ ከሆነማ ከረሜላ እራት ሊሆን ነዋ!"

"ለልጅቷ ብዬ ነው እኮ።"

"እኔስ ለማን ብዬ ነው፣ መምህር?"

እልህ ያዘኝ። በማግስቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ ጎመኑን ጨምሬ ላክኋት፤ በምሳ ሰዓትም ሳልጠራ ሄድኩ። ልጆቹ ወንበር ገጥመው፣ ምሳ ዕቃቸውን መሀል ላይ ከፍተው ይጎራረሳሉ። የኔ ልጅ ክዳኑን እንደዘጋች ጥግ ተቀምጣለች። 

"ለምን አብራችኋት አትበሉም?" አልኩ፣ ቆጣ ብዬ።

አንዷ አፏን ጠርጋ፣ "ትናንት በልተን ነበር፤ ቆጮዋ ይጣፍጣል። ዛሬ ግን ጾም ነው፣ ቅቤ አለው" አለችኝ።

ለካ የሚመለሰው ሮብና ዓርብ ነበር! እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ያደግኩበት ሰፈርም በሙሉ እንደኛ ስለነበር ቀን ለይቼ ቅቤ ከልክዬ አላውቅም። አስቴር ደግሞ ብቻዋን መብላት አታውቅበትም። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ልጅ ወይ የታመመ ወይ የተቀጣ ነው። ቅቤው የአያቷ ስጦታ ስለሆነ እንዳይከፋኝ ብላ አልነገረችኝም፤ ጦሟን መዋል መረጠች። አቅፌያት አለቀስኩ፤ አፍሬም አይደለም፣ በራሴ ተናድጄ ነው።

ለምክትሉ ግን ፓስታ እንደማልቋጥር በራቸው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። እትዬ ዘነበች ነገሩን ሲሰሙ፣ "ሮብና ዓርብ በሱፍ አድርጊላታ!" ብለው ሱፉን ራሳቸው ወቀጡልኝ። ሃይማኖቴን አልቀየርኩም፣ ቆጮዬንም አልተውኩም፤ ቅቤውን ወደ ሐሙስ አዛወርኩት እንጂ። በቀጣዩ ሮብ ምሳ ዕቃው ተጠርጎ መጣ።

ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩ። ምን በላች አላለችኝም።

"ልጅቷ ከማን ጋር በላች?"

"ከጓደኞቿ ጋር፣ እየተጎራረሱ።"

"ተመስገን" አለች። ቀጥላም፣ "እኔማ ድስቱን ማሳነስ አቃተኝ። አሁንም ለሁላችሁም ነው የማበስለው" አለችኝ።

አንቺስ ከማን ጋር በላሽ ማለት ነበረብኝ። "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብዬ ዘጋሁት።