ሁለት ጊዜ ያልኩት «ይፍቱኝ»

ዓርብ ማለዳ ከዳባት የተነሳሁት የነፍስ አባቴን ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። ቄስ አድማሱ ዓይናቸው ሲደክም ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ጃናሞራ ከተመለሱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ንስሐ አልገባሁም፣ አልቆረብኩም፤ የጠዋት ጸሎቴም ተንጠባጥቦ አለቀ። አሁን እዚያው ዳባት ያለ ወጣት ካህን ልይዝ አስቤያለሁ። የነፍስ አባት ሳያሰናብት ሌላ መያዝ ግን በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ቢቀየሙኝስ? ይህ ሐሳብ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ደባርቅ፣ ሁለት ሰዓት

መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። ሽሮ በመቶ ብር አዝዤ ግማሹን ተውኩት። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር አይሱዙ ላይ፣ በስኳር ጆንያዎች መካከል ተሳፈርኩ።

ጨነቅ፣ ሰባት ሰዓት

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሾፌሩ ጎማ ሲፈትሽ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት፣ «ምነው ልጄ፣ የታመመ ልትጠይቂ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ የነፍስ አባት ልቀይር፣ የቀድሞውን ላስፈቅድ ነው።»

«እሱስ ከሕመምም ይብሳል» አሉ። ጭራሽ አስደነገጡኝ። ቁልቁለቱን የወረድኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

መካነ ብርሃን፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ከዚህችው የጃናሞራ ከተማ ግማሽ ሰዓት በእግር ሄድኩ። ቄስ አድማሱ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በድምፄ ለዩኝ። መስቀላቸውን ስሳለም በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና «ይፍቱኝ አባቴ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ልጆች ደኅና ናቸው?»

ለካ ሰላምታ መስሏቸዋል። ሰው ሁሉ ካህን ሲያገኝ የሚለውን ቃል ይዤ ነው ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት። ቃሉን ደገምኩት።

«ይፍቱኝ ማለቴ... ያሰናብቱኝ። ሌላ የነፍስ አባት ልይዝ ነው።»

«ሁለት ዓመት የጠፋሽው ለዚህ ነው?»

«አዎ። እርስዎን የከዳሁ መሰለኝ።»

«እኔን ፈርተሽ እግዚአብሔርን ሸሸሽ?» ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ባሰብኝ። «የእኔም የነፍስ አባት ዐርፈዋል። አሁን የያዝኩት ካህን ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። መጀመሪያ ፊቱ ስቀመጥ አላበኝና ሳልናገር ተመለስኩ። በሁለተኛውም ተመለስኩ። በሦስተኛው ተናገርኩ። ሂጂ ልጄ፣ አሰናብቼሻለሁ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ያልሰሙ መስለው ስለ ገብሱ አዝመራ ያወሩ ጀመር።

ዳባት፣ እሑድ

ቅዳሜ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቱን ካህን አገኘኋቸው። «ንስሐ ከገቡ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» ሲሉኝ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከጃናሞራ ድፍረት ይዤ የምመለስ መስሎኝ ነበር። የተማርኩት ግን ፈርቶ የተመለሰ ሰው እንደገና መሄድ እንደሚችል ብቻ ነው። ነገ አስተምሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሄዳለሁ፤ ብፈራም።